ሆዷን አትሸፍኑ

ሐምሌ ፲፯ ቀን ፲፱፻፷፩ ዓ.ም.

ለታ ከሥራው በጠዋት ተመለሰ። ባሌ በዊንጌት ተማሪ ቤት አናጢ ነው፤ ክረምቱን የተሰበረ ዴስክ ሲጠግን ይውላል። መዶሻውንና መሮውን ትቶ መጥቶ አያውቅም። ዛሬ ባዶ እጁን በሩ ላይ ቆመ።

«ተናገር» አልኩት።

«ከሆስፒታል ተደውሎ ነበር። ዘበኛው ነው የጠራኝ።»

ከዚያ በኋላ ያለውን አልሰማሁም።

ልጄ ሞታለች። ያውም ትናንት። ትናንት ሞታ ዛሬ ጠዋት ለእሷ ብዬ ጡቴን አልቤያለሁ። ጠርሙሱ እስካሁን መስኮቱ ላይ ነው። የጃንሆይ ልደት ስለ ነበር ስልክ የሚያነሣ ሰው አልተገኘም አሉ።

አማቴ እማማ ሾዴ ትናንት አይተዋት ነው የመጡት። «ደህና ናት፤ ሞቋት ተኝታለች» ብለውኝ እጃቸውን ስሜ አመስግኛቸው ነበር።

ሌላ መጻፍ አልችልም።

ሐምሌ ፲፰

ቀበሯት። ሳጥኑን ለታ ራሱ ሠራው። ሌሊቱን ሲልግ አደረ። እንዳይቧጭራት ይመስል ውስጡን ሁሉ አለሰለሰው። ጋቢው ውስጥ ደብቆ ይዟት ሄደ።

እኔ ከግንቡ ውጭ ቀረሁ። ሴት የወለደች እናት ሰማንያ ቀን ሳይሞላት የቤተ ክርስቲያኑን ቅጥር አታልፍም። ዝናቡ ይወርዳል። የአካፋውን ድምፅ በግንቡ ላይ ሰማሁት። ልጄ ስትቀበር በጆሮዬ ነው ያየሁት።

የነፍስ አባታችን አባ ጉልላት ሲወጡ ያዝኳቸው።

«ፍትሐት አደረጋችሁላት?»

«አልተጠመቀችም፣ ልጄ። ላልተጠመቀ ፍትሐት የለም።»

«ታዲያ ምን ብላችሁ ቀበራችኋት?»

«ዝም ብለን ነው የቀበርናት።»

ዝም ብለው። ጎረቤት ጋን ሲሰበርበት እንኳ አይዞህ ይባላል።

ሐምሌ ፳፩

ሁሉም ተኝተዋል። ቀስ እያልኩ ልጻፈው። እጄ ለጽሕፈት ሰነፍ ነው፤ አራተኛ ክፍል ነው ያቆምኩት። ካልጻፍኩት ግን ነገ ሰዎች የሚሉትን ማመን ልጀምር ነው።

ሐምሌ ስምንት ተወለደች። እሌኒ እንላት ነበር፤ ክርስትናዋ ከመስቀል በኋላ ስለሚውል የንግሥት እሌኒን ስም ያወጣሁላት እኔ ነኝ። በማግስቱ የዓይኗ ነጩ እንደ እርድ ቢጫ ሆነ። የሆስፒታሉ ዶክተር ወጣት ነው፣ እንቅልፍ የናፈቀው። «የእናትየዋና የልጅቱ ደም አልተስማማም፤ ደሟን መለወጥ አለብን» አለን። ለታ ተቆጣ። ደሜን የሰደበበት መሰለው።

የሕፃን ደም ሥር ክር ያህላል አሉ። ስለዚህ ከተቆረጠው እትብቷ ውስጥ ያለውን ትልቁን ሥር ፈልገው ቀጭን የላስቲክ ቱቦ አስገቡ። ቱቦው በሆዷ ውስጥ አልፎ ልቧ አጠገብ ይደርሳል። በእሱ መጥፎውን ደም እየሳቡ ጥሩውን አስገቡላት። ቢጫው ቀነሰ። እግዚአብሔር ይስጣቸው አልኩ። በእውነት ብያለሁ።

ቱቦውን ግን አላወጡትም። ቢጫው ቢመለስ ድጋሚ እንለውጣለን ብለው በክር አስረው፣ በፕላስተር ለጥፈው፣ ጫፉ ላይ ትንሽ መዝጊያ አድርገው ተዉት። እኔን አልጋ የለም ብለው አስወጡኝ። በየቀኑ በአውቶቡስ ወተቴን ይዤ እወርዳለሁ። የሚያስገቡት እናትን ብቻ ነው፤ እሱንም ለጥቂት ጊዜ።

ዋናዋ ነርስ ስገባም ስወጣም አንድ ቃል ነበራት። «ሆዷን አትሸፍኑ! ስንት ጊዜ ልንገራችሁ!» በቃ። ለምን ብዬ ስጠይቃት «እኛ እናውቃለን» ትለኛለች።

ልጄ ከአምፖል ሥር ራቁቷን ተኝታለች። ጠራጊው ያያታል። ተማሪ ሐኪሞቹ ያዩዋታል። በኮሪዶሩ የሚያልፈው ሁሉ አንገቱን አስግጎ ያያታል። እኛ ቤት ሕፃን ክርስትና እስኪነሣ ለባዕድ ዓይን አይገለጥም። ማታ ማታ ቤት ስገባ የማወራው ይህንኑ ነበር። «ዛሬም ራቁቷን ናት፣ እማማ። ዛሬም እንደዚያው ናት።» እማማ ሾዴ እንዝርታቸውን አቁመው ያዳምጡኛል። «የሰው ዓይን ይጨርሳታል» ይላሉ። «ብርዱስ?» እላለሁ እኔ።

ሐምሌ ፲፮ ጡቴ አብጦ፣ ትኩሳት ይዞኝ መነሣት አቃተኝ። በዓል ስለ ሆነ በሩ ለጠያቂ ሁሉ ክፍት ነው ተባለ። እማማ ሄዱ። ለክርስትናዋ ብለው ራሳቸው የፈተሉትን፣ ቀጨኔ ሸማኔ ዘንድ ያሠሩትን አረንጓዴ ጥለት ያለውን ነጠላ ይዘው ሄዱ። ማታ «ሸፍኛት መጣሁ» አሉኝ።

«እሰይ» አልኩ።

ሆስፒታሉ ደም ፈሷት ሞተች ይላል። ከየት ፈሰሰ? ማን አፈሰሰው? የሚነግረኝ የለም።

ሐምሌ ፳፮

እትዬ ማሚቴ ከታች ሰፈር መጡ። ለቅሶ አልተቀመጥንም፤ ላልተጠመቀ ልጅ ድንኳን አይተከልም። ዳቦ ይዘው መጡና በሩ ላይ ቆሙ።

«አይዞሽ ብርቅነሽ። የአራስ ቤት ልጅ ይረሳል። ሌላ ትወልጃለሽ።»

«እርስዎ የትኛውን ረሱ?» አልኳቸው።

ዳቦውን መደቡ ላይ አስቀመጡና «አንዱንም» ብለው ሄዱ። ይቅርታ ልላቸው ነበር። አላልኳቸውም። የሚመጣው ሁሉ ይረሳል ይረሳል ይለኛል፤ ለአንዷ እንኳ እንዲህ ማለት ነበረብኝ።

ነሐሴ ፪

ጾሙ ገብቷል። ልብሷን ላመጣ ሆስፒታል ሄድኩ። ዋናዋ ነርስ በጋዜጣ የተጠቀለለ ነገር አቀበለችኝ። ገለጥ ሳደርገው ነጠላው ነው። አረንጓዴው ጥለት ጠቁሮ እንደ ቅርፊት ደርቋል።

«ይኸው» አለችኝ። «አትሸፍኑ ብለን አልነበር? አትሰሙም። ነግረን ነግረን ሰለቸን።»

ከፊቷ አልሄድም አልኩ። ዘበኛ ጠራች። ዘበኛው መጥቶ እጄን ሊይዝ አፈረ። ጩኸቱን ሰምቶ ወጣቱ ዶክተር ወጣ፤ አግዳሚ ወንበር ላይ አስቀምጦ ነገረኝ። እሱ መናገሩን ነውር አላደረገውም፤ ይህን ልመስክርለት።

ቱቦው ጫፍ ላይ ያለው መዝጊያ ላልቶ ነበር። በእግሯ መትታው ይሁን፣ ጨርቁ ጎትቶት ይሁን፣ ድሮውንም በደንብ ሳይጠብቅ ቀርቶ ይሁን አይታወቅም። ቱቦው ትልቁ ደም ሥር ውስጥ ነው፤ ሲከፈት ደሟ በገባበት ተመልሶ ይወጣል። ቱቦው እየሰነበተ ሲሄድ ሌላም ጣጣ አለው አለ፤ ትኩሳት ያመጣል፣ ደም ይረጋበታል፣ ከቦታው ይንሸራተታል። እሷን የገደላት ግን ያ መዝጊያ ነው።

«ስንት ደም ነበራት?» አልኩት።

«እሷን የሚያህል ሕፃን ያለው ደም አንድ ብርጭቆ ቢሞላ ነው። ሆዷ ተገልጦ ቢሆን ከበሩ ላይ እናየው ነበር። ነጠላው ደሙን ጠጣው። ገልጠን ስናያት አልቆ ነበር።»

«አትሸፍኑ የምትሉን ለዚህ ነው?»

«ለዚህ ነው።»

«እና ለምን አትነግሩንም?»

መሬት መሬት አየ።

በአውቶቡስ ስመለስ ጥቅሉን ጭኔ ላይ አድርጌ ነበር። አጠገቤ የተቀመጠችው ሴት «ሥጋ ነው? በጾም?» ብላ ጠየቀችኝ።

ነሐሴ ፫

ነጠላውን የዕቃ ሳጥናችን ታች ከተትኩት። እማማን ቀና ብዬ ማየት አልቻልኩም። ምሳቸውን አቀረብኩና ወጣሁ። ጥርሴን ነክሼ ዋልኩ፣ መንጋጋዬ እስኪያመኝ።

ነሐሴ ፱

እማማ ሾዴ ደጅ ተቀምጠው ይፈትላሉ። አሁን ለማን እንደሚፈትሉ አላውቅም።

«አንቺ ልጅ፣ እነዚያ ሐኪሞች ምን አሉሽ? እኔን ደብቀሽኛል።»

«ደም ፈሷት ነው አሉ።»

«ከየቱ?»

«ከእምብርቷ።»

እንዝርቱን አቆሙት። «ዓይን ነው። ያ ሁሉ ሰው አይቷት! እኔ ዘግይቼ ደረስኩ እንጂ። ከመጀመሪያው ቀን ሄጄ ሸፍኛት ቢሆን ኖሮ ዛሬ ታቅፈሻት ነበር። ያልሄድኩት እኔ ነኝ ጥፋተኛ።»

ምላሴ ላይ ነበር። እርስዎ ነዎት፣ የእርስዎ ነጠላ ነው፣ ሊል ተነሥቶ ጥርሴ ጋ ቆመ። ገብቼ በሩን ዘጋሁ። «ምን ሆነች ይቺ?» ሲሉ ሰማኋቸው። በኦሮምኛ ለራሳቸው ብዙ ተናገሩ። የልጅቱን ስም ብቻ ለየሁ።

ለምን አልነገርኳቸውም? አዝኜላቸው አይደለም። ከነገርኳቸው፣ «ራቁቷን ናት ያልሽኝስ ማን ነሽ?» ይሉኛል።

አይሉኝም ይሆናል። እሱ ይብሳል።

ነሐሴ ፳

ዛሬ ያበድኩበት ቀን ነው።

በሆስፒታሉ በር ሳልፍ አንዲት ነርስ እየሮጠች ደረሰችብኝ። ሳቢት ትባላለች፤ ገና ልጅ ናት፣ ትምህርቷን ከጨረሰች ዓመት አልሞላትም። በበዓሉ ቀን የልጄ ክፍል ተረኛ እሷ ነበረች።

«እትዬ፣ እንቅልፍ አጣሁ፤ ልንገርሽ» አለችኝ። «ያን ቀን ትልልቅ ወይዛዝርት ለሕሙማን ስጦታ ይዘው ይመጣሉ ተብሎ ጠዋቱን ሙሉ ስናጥብና ስናነጥፍ ዋልን። አሮጊቷ ልጅቱን በነጠላ ሲሸፍኗት አይቻቸዋለሁ። ልገልጣት ነበር። ከዚያ ዋናዋ ነርስ ገብታ ‹መጡ፣ ቁሙ› አለችን። ነጠላው ደግሞ... ያምር ነበር። እንግዶቹ እስኪያልፉ ብዬ ተውኩት።»

«እስኪያልፉ?»

«አንደኛዋ አልጋው ጋ ቆማ ‹እንዴት ደስ ይላል፣ አለባበሷ› አለች። ፎቶግራፍ ተነሡ። ቆዩ። በጣም ቆዩ።»

ነጠላው ከላይ ነጭ ነበር ማለት ነው። ከሥር ልጄ እያለቀች ነው፤ እነሱ ፎቶግራፍ ይነሣሉ።

ልመታት እጄን አነሣሁ። «ምቺኝ» አለች። አልሸሸችም። ሰው ቆሞ ያያል። እጄ አየር ላይ ቀረ። ለምን እንዳልመታኋት አላውቅም። አሁን ይቆጨኛል። ስጽፍ እንኳ እጄ ይቃጠላል።

ሁሉም ያውቁ ነበር። ዋናዋ ነርስ ታውቃለች፣ ሳቢት ታውቃለች፣ ዶክተሩ ያውቃል። የማናውቀው እኛ ነን፤ እኔና አንዲት ከሱሉልታ የመጡ አሮጊት። ጥፋቱ ግን በጋዜጣ ተጠቅልሎ ለእኛ ተሰጠ።

ጳጉሜ ፪

ለታ ሚስማር ሲፈልግ ቁልፍ የረሳሁበትን ሳጥን ከፈተ። ነጠላውን አገኘው። ብዙ ጊዜ ቆሞ አየው።

«ይህ የእናቴ ነጠላ አይደለም?»

ነገርኩት። መዝጊያውን፣ ቱቦውን፣ እንግዶቹን፣ ሳቢትን፣ ሁሉንም ነገርኩት። እሱ ግን ከሁሉም አንዱን ብቻ ነው የሰማው።

«እናቴ ናት የገደለቻት?»

«አንድ ቃል ለእሳቸው ብትተነፍስ ይህን ቤት ጥዬልህ እሄዳለሁ!» ብዬ ጮህኩበት። እንዲህ ጮኼበት አላውቅም። «እሳቸው ምን ያውቃሉ? ማን ነገራቸው? የሚያውቁት ተሰልፈው ለፎቶግራፍ ሲቆሙ እሳቸው ልጅ አለበሱ!»

ከዚያ ቀስ ብሎ «ነጠላው ከበዓሉ በፊት ሳጥን ውስጥ ነበር። ቁልፉ አንቺ ዘንድ ነው። ማን አውጥቶ ሰጣት?» አለኝ።

እሳት ላይ የጣድኩት አለ ብዬ ወጣሁ። እሳት እንኳ አልነደደም ነበር።

መስከረም ፬

ዘመን ተለወጠ አሉ። እማማ ሾዴ ለመስቀል ሱሉልታ አገራቸው ሊሄዱ ተነሥተዋል። እራት ላይ ድንገት ቀና አሉ።

«ነጠላዬስ? ከሆስፒታሉ አልተመለሰም?»

ለታ እጁ ሰሐኑ ላይ ቀረ። አየኝ። ልክ እንደዚያ ቀን፣ በሩ ላይ እንደቆመው አየኝ። ንገሪያት ይበል አትንገሪያት ይበል አላወቅኩም። ከወር በላይ ምላሴ ላይ የተቀመጠው ነገር ተነሣ። ብናገረው እንደሚቀለኝ አውቃለሁ። አንድ ሰው አብሮኝ ይሸከመዋል።

የእማማን እጅ አየሁ። አውራ ጣታቸው ከመፍተል ብዛት ጠርዙ ተቦርቡሯል።

«ለብሳው ነው የተቀበረችው፣ እማማ» አልኩ። «በእሱ ጠቅልለን ነው የቀበርናት።»

«እውነት?»

«እውነት።»

ደረታቸውን በመዳፋቸው ያዙት። «ተመስገን። እንኳንም ብርድ አልነካት። በቃ፣ ከእንግዲህ እተኛለሁ።»

ለታ ተነሥቶ ወጣ። እኔም ወጣሁ። ጓሮ ግድግዳውን በጡጫ መታሁት፣ ጭቃው እስኪረግፍ። እሳቸው ይተኛሉ። እኔስ?

መስከረም ፲፪

ሆስፒታሉ ሄድኩ። ለምን እንደሄድኩ ለታ ጠይቆኛል፤ ልሰድባቸው ነው ብዬዋለሁ። እውነቴን ነበር።

እናቶች የሚገቡበት ሰዓት ነው፤ አብሬያቸው አለፍኩ። ክፍሉ በር ላይ ስደርስ የእኔ ልጅ የተኛችበት አልጋ ላይ ሌላ ሕፃን አለ። ቱቦው እምብርቱ ላይ ነው። እናቱ ከገጠር የመጣች ናት። ግራ ቀኝ አየች፣ ማንም እንዳላያት ስታውቅ የጋቢዋን ጫፍ ቀስ አድርጋ በሕፃኑ ሆድ ላይ ጎተተች። እንዴት እንደምትጎትተው አወቅኩት። በፍቅር ነው።

«አንሺው!» አልኩ። ክፍሉ ሁሉ ዞረ።

«ብርድ እኮ ነው፣ እትዬ» አለች ደንግጣ።

«አውቃለሁ ብርድ ነው። አየሽ ይቺን መዝጊያ? ይቺ ብትላላ ደሙ በዚህ ይወጣል። ጋቢሽ ይጠጣዋል፤ ማንም አያይም። አምፖሉ ያሞቀዋል። ዓይን የፈራሽ እንደሆነ ፊቱን ሸፍኚ፤ ሆዱን ተዪው። አንቺው ራስሽ እየተመለከትሽ ጠብቂው።»

እንዳቃጠላት ሁሉ ጋቢውን ገፈፈችው። ዋናዋ ነርስ ደረሰች። «ይቺ ሴት ደግሞ እዚህ ምን ትሠራለች? ዘበኛ!»

«የእናንተን ሥራ ነው የምሠራው!» አልኳት። «ለምን እንደሆነ እየነገርኩላችሁ ነው! አንድ አፍ ነው የሚፈጀው!»

ዘበኛው ክንዴን ያዘኝ። ሳቢት መሐል ገባች። ፊቷ አመድ መስሏል፤ ግን አልቆመችም። ወደ ቀጣዩ አልጋ ሄዳ ለሌላዋ እናት «እትዬ፣ ሆዱን የማንሸፍነው ለምን መሰለሽ...» ብላ ስትጀምር ሰማሁ። ዋናዋ ነርስ አለቃዋ ናት፤ እያየቻት ነው የተናገረችው።

ስወጣ እያለቀስኩ ነበር። ደስ ብሎኝ አይደለም። ይህን ያህል አጭር ነገር ነው። ይህንኑ በሐምሌ ማለት አቅቷቸው ነው።

መስከረም ፳፪

ዛሬ ክርስትናዋ ነበር።

ሰማንያ ቀኔ ስለ ሞላ ቅጥሩን አልፌ ገባሁ። ሌላ እናት ልጇን ታቅፋ፣ ዘመድ አጅቧት ትገባለች። እኔ የታቀፍኩት በጋዜጣ የተጠቀለለ ነጠላ ነው። አላጠብኩትም።

ለታ ትናንት ቦታውን ነግሮኝ ነበር፤ ከግንቡ ጥግ፣ ሦስተኛው ጥድ ሥር። ሣር በቅሎበታል፤ አደይም አለ። በለታ መሮ አፈሩን ቆፈርኩ። ለእማማ የተናገርኩትን እውነት ላደርገው ነው የመጣሁት። ነጠላውን አጥፌ፣ ጥለቱን ወደ ላይ አድርጌ አስገባሁት።

አባ ጉልላት ከኋላዬ መጡ።

«ምን ትቀብሪያለሽ፣ ልጄ?»

«ልብሷን። ለክርስትናዋ የተሠራ ነው። ዛሬ ቀኑ ነው።»

ደሙን አዩት። አልተቆጡኝም። በሽማግሌ ጉልበታቸው በርከክ ብለው አፈሩን በእጃቸው መለሱት።

«ፍትሐቱን አሁንም አያደርጉላትም?»

«ሥርዓቱን እኔ አላወጣሁትም፣ ልለውጠውም አልችልም። በማኅበር ፊት በስሟ አልጠራትም።» እጃቸውን ከአፈር አራገፉና «ግን ልጄ፣ ጸሎት የሚከለከል የለም። አንቺ ጸልዪ። ያገኘሽውን ሁሉ ጸልይልኝ በዪ። እሱን ማንም አይከለክልሽም» አሉኝ።

ንዴቴ አልወጣልኝም። እንዲወጣልኝም አልፈልግም። እማማ ሾዴ አገራቸው ሰላም ይተኛሉ፤ ይተኙ። ነጠላውን ከሳጥን አውጥቼ እጃቸው ላይ ያስቀመጥኩት...

ይህን መጻፌን ላቁም። ያገኘሁትን ሁሉ እንድለምን ተፈቅዶልኛልና ልለምን።

ይህን ደብተር ከእኔ በኋላ የምታነቡ፣ ማንም ሁኑ፤ ጉለሌ፣ ከቤተ ክርስቲያኑ ግንብ ጥግ፣ ከሦስተኛው ጥድ ሥር አንዲት ሕፃን አለች። ካህናት በስሟ አይጠሯትም። እናንተ ጥሯት። እሌኒ በሏት። አምላክ ሆይ፣ እሌኒን አስባት በሉልኝ። ነጠላ ለብሳለች፤ አልበረዳትም። ስሟን የሚጠራላት ብቻ ነው ያጣችው።